ሰመራ ላይ የተሰፋ ብርድ ልብስ

ሰመራ ላይ ቁጭ ብላ ብርድ ልብስ በምትሰፋ ሴት ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ሌላ ሴት ስትሰፋ ባይ እኔም እስቅ ነበር። እኛ አልጋችንን ግቢ አውጥተን የምንተኛ፣ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ አንሶላችንን ውሃ ነክረን፣ ጨምቀን፣ እሱን የምንለብስ ሰዎች ነን። ብርድ ልብስ ማለት ለእኛ ከደጋ የመጣ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ የምናየው ነገር ነው። እንግዳውም በሁለተኛው ቀን አጣጥፎ ትራስ ያደርገዋል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባችኝ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ደብረ ብርሃን ስትመደብ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎ ነው የሸኛት። የካቲት ላይ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ ግን ባልዲዋን ይዛለች። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት የመጣ ተማሪ የዶርም ባልዲውን ተሸክሞ አይመጣም። ሳምኳት፣ ሻንጣዋን ተቀበልኳት፣ ባልዲውን እሷው ይዛ ገባች።

በማግስቱ ምሳ እየበላን ነገረችኝ። «አልመለስም፣ እማ» አለች።

«ለምን?»

«ይበርደኛል።»

ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። ፈተና ወድቃ ይሆናል፣ ሰው አስቀይሟት ይሆናል፣ እናት የምትፈራው ብዙ ነው። ብርድ ስትለኝ ከልቤ ቀለለኝና ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ብርድ ትምህርት ያስጥላል እንዴ? ሹራብ ደርቢ፣ ካልሲ ደርቢ!» አልኳት። እንዲህ የምላት እኔ ማን ሆኜ ነው? አዋሽ ተወልጄ፣ አዋሽ አድጌ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ ከአዋሽ ወደባሰ ሙቀት የተዛወርኩ ሰው ነኝ። በሕይወቴ የማውቀው ትልቁ ብርድ ታኅሣሥ ላይ በማለዳ ጋቢ የሚያስደርበው የአዋሽ ነፋስ ነው፤ እሱም ፀሐይ ወጣ ስትል ይጠፋል።

ልጄ አልተከራከረችኝም። ሎጊያ ገበያ የገዛሁላትን ፀጉራም ብርድ ልብስ ከሻንጣዋ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ፀጉሩ ጉሮሮዋ ውስጥ እየገባ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያስላት፣ ስትገፈው ደግሞ እንደምትንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለውን ሳትሰማ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነገረችኝ። ከዚያ ተነስታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች።

አባቷ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ያን ሰሞን ድንበሩ አቅራቢያ ዲቾቶ ላይ ቆሞ ደወለልኝና ጉዳዩን ነገርኩት። «ተያት በቃ፤ ልጄን ብርድ አይግደልብኝ። እቤቷ ትቀመጥ፣ እዚሁ ሌላ ነገር ትማራለች» አለኝ። እሱ ለልጆቹ እንዲህ ነው፤ ከበረሃ ፀሐይ ጋር ሲጋፈጥ ውሎ ለእነሱ ሲሆን ቅቤ ነው። እኔ ግን «ተያት» የሚለው ቃል አልዋጥልሽ አለኝ። ወደዚህ ልዛወር ብትል ዓመቷ ያልፋል። ተዛውራስ የወደደችውን ትምህርት ማግኘቷን ማን ያውቃል? እኔ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ የሌሎችን ዲግሪ ፋይል ውስጥ እያስገባሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሷን ዲግሪ በገዛ እጄ ፋይል ውስጥ ማስገባት እፈልግ ነበር። ይህን በግልጽ ልናገረው፤ ፍላጎቱ የኔም ነበር። ለምዝገባው የቀረን ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

ፀጉር የሌለው፣ የማያስል፣ ጥጥ ብቻ የሆነ ብርድ ልብስ ልሠራላት ወሰንኩ። ጥጥ እንደሆነ እዚሁ ደጃችን ነው፤ ከዱብቲ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አስመጣሁ። ጨርቁን አዋሽ ልብስ ሰፊ የሆነችው ታላቅ እህቴ ከሱቋ ቁርጥራጭ ሰብስባ በሚኒባስ ላከችልኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የሸሚዝ ባለመስመር፣ የሽርጥ ትራፊ፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሮዝ ቅንጣቢ።

ጥጡን የነደፈችልኝ ጎረቤቴ ናት። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት፤ ከደሴ መጥታ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታለች። ሰመራ ሜዳ ሳለች ጀምሮ የምንተዋወቅ ነን። ፍሬውን ለቅመን ስንጨርስ ደጋኗን አምጥታ ጡው ጡው እያደረገች ነደፈችው፤ ጥጡ ተነፍቶ ሳሎኑን ሞላው። እኔ ቁርጥራጮቹን እያገጣጠምኩ ሰፋሁ። ከዚያ የላዩን ጨርቅ፣ ጥጡንና ከሥር ያለውን አቡጀዲ አንድ ላይ አድርጌ በረጃጅም ስፌት ወጋጋሁት። ከቢሮ መልስ ሁልጊዜ እሱው ነው ሥራዬ።

ልጄ በር ላይ ቆማ አየችው። «እማ፣ ይሄኮ ድሪቶ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ድሪቶ ይዤ ዶርም አልገባም። ለነገሩ አልሄድምም።»

እንዲህ ስባል ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ ግን እውነቷን ነበር። አራት ማዕዘን የሆነ፣ ዳሩ በእንዝህላልነት የተዘመዘመ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሌላ ስም የለውም። ድሪቶን ድሪቶ የሚያሰኘው ዳሩ ነው ብዬ አሰብኩ። የሚሠራው ሰው ዳሩ ላይ ሲደርስ ይሰለቻል፤ ይቸኩላል። እኔ ዳሩን ካሳመርኩት ማንም ድሪቶ አይለውም። ጎረቤቴ ሻይ ቤት ሄጄ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ተዋስኩና እሱን አስደግፌ በቅንጣቢ ሳሙና ዳርና ዳሩን ዞርኩት፤ ግማሽ ክብ፣ ከጎኑ ግማሽ ክብ፣ ከጎኑ ግማሽ ክብ። አራቱም ጎን ቅስት በቅስት ሆነ። ቆጠርኳቸው፤ ሰባ ሁለት።

«በስመ አብ!» አልኩ ስቆጥር። ግን አንዴ ቆርጫለሁ።

ክብ ዳር መስፋት እንደ ቀጥታው ይመስለኝ ነበር። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር በማስመሪያ ነው የሚቆርጠው። ከሰማያዊው የዩኒፎርም ጨርቅ ማስመሪያ አስደግፌ ቀጥ ያለ ጥብጣብ አወጣሁና በቅስቶቹ ላይ ማልበስ ጀመርኩ። ስድስቱን እንደጨረስኩ ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዶ ወደ ላይ ቆመ። በካውያ ተጫንኩት። ካውያው ሲነሳ እሱም አብሮ ተነሳ።

አዋሽ ደወልኩ። እህቴ ሳቋ የስልኩን ካርድ ሊጨርስብኝ ነበር። «አንቺ መዝገብ ቤት! ጨርቁን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ቁረጪው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይሳባል፤ ስትስቢው ከክቡ ጋር ይዞርልሻል። ቀጥ ያለው ግን ወዴትም አይዞርም።»

«ጨርቁ ይባክናላ!»

«ይባክን! ደግሞ ለልጅሽ እኮ ነው» አለችኝ።

ስድስቱን ፈትቼ በሰያፍ ቆረጥኩ። ያኔ ነው ሥራው የገባኝ። ጥብጣቡ ጣቴ ሥር እየተለጠጠ የቅስቱን ሆድ ተከትሎ ይዞራል። ሁለት ቅስቶች የሚገናኙበት ጠባብ ስርጉድ ላይ ሲደርስ ግን አመሉ ይለወጣል። እዚያ ላይ የውስጡን ጨርቅ በመቀስ ጫፍ በጥቂቱ ጫር ማድረግ፣ ጥብጣቡን ቆንጥጦ ማጠፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሻገር ያስፈልጋል። ብዙ ከጫርሽው ይተረተራል፤ ካልጫርሽው ይጨማደዳል። በቀን አሥር ቅስት ከሆነልኝ ጥሩ ቀን ነው። ሦስቱን ጎን ስጨርስ ለምዝገባው አምስት ቀን ቀርቶታል።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤቴን ጠርቼ በኩራት ዘረጋሁላት። ዳሩን በጣቷ እየተከተለች «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለች። ከዚያ መሀሉን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ፊቷን አኮሳተረች።

«ለየት ነው እምትልኪው? ለደብረ ብርሃን?»

«አዎ።»

«ይቺ ሳስታለች፣ እህቴ።»

«ምን ትሳሳለች! ትናንት እግሬ ላይ ጣል ባደርጋት በላብ ተጠመቅኩ» አልኳት።

ጎረቤቴ ሳቀች። «ወላሂ፣ ሰመራ ላይ ጋዜጣም ቢለብሱት ያልባል! ተኚ እስቲ» አለችኝ። አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኝታ አለበሰችኝ። ከዚያ ሻይ ቤቷ ደርሳ ከፍሪጅ ውስጥ ድንጋይ የሆኑ አራት የውሃ ፕላስቲኮች ይዛ ተመለሰችና በብርድ ልብሱ ላይ፣ አንዱን ደረቴ ላይ፣ አንዱን ሆዴ ላይ፣ ሁለቱን ጭኖቼ ላይ ደረደረቻቸው። «አሁን እንዳትነሽ» አለች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰመራ ላይ በረዶ ደረቱ ላይ ተቀምጦለት የማይደሰት የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ቅዝቃዜው በጥጡ ውስጥ ሰርጎ ደረቴ ገባ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። እግሬን ሰበሰብኩ። ትንፋሼ አጠረና ሳል ሳል አለኝ። ከዚያ የሙቀት አገር ውስጥ ተኝቼ ጥርሴ ሲጋጭ ተሰማኝ። አንገቴን ሳዞር ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ።

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ያ ነው የባሰው። ፕላስቲኮቹን ገፍቼ ተነሳሁ። ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኝ ነው ልጄን ያመንኳት። ይበርደኛል ስትለኝ ሹራብ ደርቢ ያልኩት፣ ሳምንት ሙሉ ብርድ ልብስ ስሰፋ እንኳ ብርዱን ሳልጠይቃት በራሴ ላብ የለካሁት ሴትዮ ነኝ። «አላመንኩሽም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እናት ለልጇ እንዲህ ማለት እኛ ቤት አልተለመደም። ልጄ መሬት መሬት አየች። ጎረቤቴ ፕላስቲኮቿን ሰብስባ «ልሂድ፣ በረዶዬ ይቀልጣል» ብላ ወጣች።

መቀሴን አንስቼ የሰፋሁትን ዳር መፍታት ጀመርኩ። ሃምሳ አራት ቅስት። አንድ ሌላ ድርብ ጥጥ ከሥር ማስገባት፣ በላዩ አዲስ አቡጀዲ ማልበስና ዳሩን እንደ አዲስ መክበብ ነበረብኝ፤ ሌላ መንገድ የለውም። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለች። መርፌ አንስታ ከሌላኛው ጫፍ ክሩን ትመዝዝ ጀመር። ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ጎረቤቴ በማግስቱ ሻይ ቤቷን ለሠራተኛዋ ትታ ቀሪውን ጥጥ ነደፈችው። እኔ ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ። አለቃዬ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ብርድ ልብስ ልሰፋ ነው ብላቸው ወባ የያዘኝ መስሏቸው ግንባሬን አዩ። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስቱን ጎን ደግሜ ጨረስኩ፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይልቅ አማረ። አንዱ ጎን፣ አሥራ ስምንት ቅስት፣ ቀረ። ምዝገባው ከነገ ወዲያ ስለሆነ ቀሪውን ይዤ አዋሽ እህቴ ጋ ሄጄ ልጨርሰው ተነሳሁ።

«አክስቴን ላያት እስከ አዋሽ አብሬሽ እመጣለሁ» አለችኝ ልጄ። «ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«እስከ አዋሽ ይበቃኛል» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ አይበቃኝም።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተሳፍረን ወጣን። ብርድ ልብሱ ጭናችን ላይ ነበር፤ ግማሹ በእሷ፣ ግማሹ በእኔ። አብረውን የሚሄዱት ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ እኛን ያያሉ። አንድ ሽማግሌ «ይህን ነገር ታማሚ ነው የሚለብሰው?» ብለው ጠየቁኝ። «ተማሪ ነው አባ» አልኳቸው። ከገዋኔ ወዲህ መኪናው ስለሚንጥ መርፌ መያዝ አልተቻለም። የጭነት መኪናዎቹ እየተከታተሉ ያልፉናል፤ ልጄ በመስኮት ታያቸዋለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። አዋሽ አርባን አለፍን። የቀረው መንገድ አጭር ነው፤ የቀረው ስፌት ግን አሥራ ስምንት ቅስት ነው፤ የልጄን ሐሳብ ደግሞ አላውቀውም።

እህቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እህቴ የስፌት መኪናዋን ልታስነሳ ስትል ከለከልኳት። «ሦስቱ ጎን በእጅ፣ አንዱ በመኪና አይሆንም፤ ያስታውቃል» አልኳት። «እልኸኛ!» አለችና ሦስት መርፌ ላይ ክር ሰክታ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ ያዘች። ሦስተኛውን ስፒል መሰኪያው ላይ ተወችው። ለማንም አልሰጠችውም።

አራት ያህል ቅስት እንደሰፋን ልጄ «እዚች ስርጉድ ላይ ስትደርሱ ለምንድነው የምትቆነጥጡት?» አለች።

እህቴ እጇን ይዛ አሳየቻት። ልጄ ሦስተኛውን መርፌ አነሳች። የመጀመሪያው ቅስቷ ትልልቅ ስፌት የበዛበት ነበር። እህቴ አፏን ስትከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ሁለተኛውን ፈትታ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች የቤት ሥራ ስትሠራ እንደምታደርገው፣ አጎንብሳ ትሰፋለች። ከፊት ለፊታችን ባለው አስፋልት አውቶቡሶች ቆመው ይነሳሉ፤ አንዱ ወደ ሰመራ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ረዳቶቹ የሁለቱንም ስም በአንድ ላይ ይጠራሉ።

«እኔ ጋ ዶርም ውስጥ አንዲት የአርባ ምንጭ ልጅ አለች» አለች ልጄ ቀና ሳትል። «እሷም እንደኔ ናት። ሁለታችንም ማታ ካፖርት ለብሰን ነው የምንተኛው።»

«እሷ ትመለሳለች?» አለች እህቴ።

«ትመለሳለች።» ክሩን ሳብ አደረገች። «ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር።»

መርፌዬ ጣቴን ወጋኝና የደም ነጠብጣቡን ቶሎ በምራቄ አጠፋሁት። የመጨረሻውን ቅስት ሠርታ ቋጠሮውን የቋጠረችው ልጄ ናት። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ እህቴ በመቀስ አልለመድሽም ወይ ብላ ተቆጣቻት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፈረች። ባልዲውን ሰመራ ረስተነው መጥተን ነበርና እህቴ የራሷን ሰጠቻት። ብርድ ልብሱ ጥቅሉ ትልቅ ስለሆነ ረዳቱ ከላይ እንጫነው አለ። «አይሆንም፣ እኔ ጋ ይሁን» አለችው። መኪናው ሲነሳ አላለቀስኩም። ከእህቴ ሱቅ ገብቼ ግን የዩኒፎርም ጨርቅ ላይ አፌን ቀብሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር። ያ ሁሉ ጥጥ ባይበቃስ? ባትችለውስ? ባትችለው ደግሞ ሁለተኛ መልሼ የምልክበት አንደበት የለኝም።

ደርሳ ደወለች። ተመዝግባ ደወለች። ስለ ብርዱ እሷም አላነሳችም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። ባለቤቴ ከዲቾቶ በደወለ ቁጥር «እንዴት አደረች?» ይለኛል፤ «ደህና» እለዋለሁ፤ ሁለታችንም የማናውቀውን። ጎረቤቴ ሻይ ስትቀዳ እያየችኝ «አላህ ያግራው» ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም።

በሳምንቱ ጠዋት ቢሮ ፋይል ስደረድር ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ሳል ግን አልሰማሁበትም።

«እማ፣ የሠራሽውን ነገር ልነግርሽ ነው» አለችኝ፤ ስሞታ ነው አነጋገሯ። «ሌሊት ሞቆኝ ነቃሁ። ሞቆኝ ገለጥኩት።»

እጄ ላይ ያለውን ፋይል ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። የመዝገብ ቤቱ ማራገቢያ ከላይ ይዞራል፤ ከአንገቴ ላቡ ይወርዳል።

«እማ? ሰማሽኝ?»

«አልሰማሁሽም» አልኳት። «ድገሚልኝ።»